ከግድብ ሐይቅ ውኃ የሚቀዳበትን ቦታና ከፍታ ስለ መምረጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




በዛሬው ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ግድቦች ወይም ስለ ከተሞቻችን የወደፊት የውኃ ፍላጎት ብናገር የተሻለ እንደሚሆን ተጠቁሞልኝ ነበር። እኔ ግን ከግድቡ ይልቅ በግድቡ አጠገብ ስላለ አንድ ትንሽ ቀዳዳ መናገርን መረጥሁ። ይኸውም ውኃው ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ጉዞ የሚጀምርበት በር ነው። ስፋቱ ከተራ የቤት መስኮት አይበልጥም። ከጠቅላላው የግንባታ ወጪ ውስጥ ያለው ድርሻም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በንድፍ ስብሰባዎቻችን ላይ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ካለቀና ሰው ሁሉ ወረቀቱን መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ ነው። ሆኖም ግድቡ ቆሞ እስካለ ድረስ፣ የማጣሪያ ጣቢያው ሠራተኛ ሌት ተቀን የሚታገለው ከዚያች በር ከሚመጣው ጋር ነው።

በዚህ ጉዳይ እንድናገር የሚያስገድደኝ የራሴ ጥፋት ስላለ፣ ከእርሱ ብጀምር ይሻላል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሆናል። ገና በወጣትነቴ ለአንድ የደጋ ከተማ የሚሠራ የአነስተኛ ግድብ ንድፍ በእጄ ነበር። በመቅጃ ማማው አጠገብ ሐይቁ ሲሞላ ጥልቀቱ 20 ሜትር ይደርስ ነበር። የመጀመሪያው ንድፍ በማማው ላይ ሦስት በሮች ነበሩት፤ አንደኛው ከሙሉው የውኃ ልክ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው 10 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛው ከወለሉ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጡ ናቸው። ንድፉን የጀመሩት ከእኔ በፊት የነበሩ አንድ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ሦስት በሮች ለምን እንዳስፈለጉ በማስታወሻቸው ላይ አልጻፉም። የሥራው ግምት ከተፈቀደው ገንዘብ በለጠና ቅነሳ እንዲደረግ ታዘዘ። እኔም ለአለቃዬ እንዲህ ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ፦ «የታችኛው በር ሐይቁ ሞልቶም ጎድሎም ያገለግላል። ሁለቱ የላይኞቹ ግን ውኃው ሲጎድል አየር ላይ የሚቀሩ ትርፍ ናቸው። ውኃ ያው ውኃ ነው።»

ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። በዚያን ጊዜ ንድፍ የሚሠራው በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በቀለም ስለ ነበር፣ የማይፈለግ መስመር የሚጠፋው በምላጭ እየተፋቀ ነው። ሁለቱን በሮች በእጄ ፋቅኋቸው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። ሁለት ትላልቅ ቫልቮች፣ ሁለት የብረት ወንፊቶችና ረጃጅም የመክፈቻ ዘንጎች ተቀነሱ፤ ስለ ቆጣቢነቴም ተመሰገንሁ።

ግድቡ ተሠርቶ አልቆ ውኃ በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ከከተማው የውኃ አገልግሎት አቤቱታ መጣና ወደ ስፍራው ተላክሁ። ከማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ ስደርስ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ተቀበለኝ። ሽታውስ በአየር ማናፈሻው ደረጃ ላይ ይበን ነበር፤ የባሰው ከተማው ውስጥ ያለው ነበር። አንዲት እናት የታጠበ ነጠላቸውን ይዘው ቢሮው ድረስ መጥተው ነበር። ነጠላው ላይ የቡና አተላ የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁርና ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። «ልጄ፣ ሲቀዳ ንጹሕ ነው፤ የሚጠቁረው ልብሱ ላይ ሲደርስ ነው። ይኸን እንዴት ብዬ ላስረዳ?» አሉኝ። እኔም ማስረዳት አልቻልሁም። ማጣሪያው በደንብ ይሠራል። አሸዋው ታጥቧል። ክሎሪኑ በልኩ ይጨመራል። ከቧንቧው ተቀድቶ በብርጭቆ የታየው ውኃ እንደ ምንጭ የጠራ ነበር።

መልሱን የሰጡኝ የግድቡ ጠባቂ ናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ከሐይቁ ዳር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚጠጡት ከየት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከታንኳዋ ላይ ሆኜ ከላይ እቀዳለሁ፤ ላዩ ደኅና ነው እኮ፣ ኢንጂነር። እናንተ የምታጠጡን ከጭቃው በላይ ያለውን ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ጠርሙስ በድንጋይ አክብደን፣ ክዳኑን በሌላ ገመድ እየሳብን፣ በየሁለት ሜትሩ ቀዳን። ሐይቁ በዚያ ወቅት 5 ሜትር ጎድሎ ጥልቀቱ 15 ሜትር ደርሶ ነበር። ከላይ እስከ 6 ሜትር ድረስ ውኃው ሽታ የለውም፤ ከ8 ሜትር በታች ግን ጠርሙሱ ሲከፈት አፍንጫ ያስይዛል። የእኛ በር የነበረው 13 ሜትር ላይ ነው። በምላጭ ከፋቅኋቸው በሮች የላይኛው በእርግጥም አየር ላይ በቀረ ነበር። መካከለኛው ግን ከውኃው ገጽ በታች 5 ሜትር ላይ፣ በደኅናው ውኃ ልክ መካከል ይሆን ነበር።

እንግዲህ «ውኃ ያው ውኃ ነው» ማለቴ ስሕተት የሆነው ለምንድን ነው?

ፀሐይ ሐይቁን የምታሞቀው ከላይ ነው። የሞቀ ውኃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከባዱ ከታች ይተኛል። በአውሮፓ መጻሕፍት የተማርን ሁላችን ይህን እናውቀዋለን። ነገር ግን መጻሕፍቱ በላይና በታች መካከል አሥርና አሥራ አምስት ዲግሪ ልዩነት ያላቸውን ሐይቆች ስለሚያሳዩ፣ የእኛ ሐይቆች ልዩነታቸው ሦስትና አራት ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሲገኝ «የእኛዎቹ አይደራረቡም» ብለን ማለፍ ይቀናናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የውኃ ክብደት ከሙቀት ጋር እኩል እርምጃ አይሄድም። ውኃ ከ4 ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከአንድ ሜትር ኩብ የሚቀንሰው ክብደት 0.12 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከ17 ወደ 21 ዲግሪ ሲሞቅ ግን 0.78 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። ልዩነቱ ያው አራት ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ የሙቀት መጠን የሚፈጠረው የክብደት ልዩነት ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በደጋችን ሐይቅ ውስጥ አራት ዲግሪ ቀላል ነገር አይደለም። ነፋስ በቀላሉ የማያፈርሰው ጣራ ነው።

ይህ በአገራችን ያልተጠና ነገርም አይደለም። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ውድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች መርምረው፣ በመካከለኛ ከፍታ ላይ በሚገኙ የሞቃት አገር ሐይቆች ውስጥ ውኃው እንዴት እንደሚደራረብ አሳይተዋል። እኔ በሮቹን ስፍቅ ይህ ጽሑፍ ከታተመ ብዙ ዓመታት አልፈውት ነበር። የሥነ ሕይወት ሰዎች የሚጽፉትን እኛ መሐንዲሶች የማናነብ መሆናችን ስንት እንዳስከፈለን ሒሳቡን የሠራ ያለ አይመስለኝም።

ጣራው ከተዘረጋ በኋላ የታችኛው ውኃ ከአየር ይለያል። በውስጡ የነበረውን ኦክስጅን ከወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ቅጠል፣ ሣርና ፍግ ይበላዋል፤ የሚተካለት የለም። በዚህ ላይ የደጋነታችን ጣጣ ይጨመራል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ውኃው ሞልቶ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ወለላችን እንደ ሰሜን አገሮች ሐይቅ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሳይሆን 16 ወይም 17 ዲግሪ በመሆኑ መበስበሱ ፈጣን ነው። ስንቁ ጥቂት፣ በላተኛው ብዙ ማለት ነው።

ኦክስጅኑ ሲያልቅ በወለሉ ጭቃ ውስጥ ተቆልፎ የኖረው ነገር በቅደም ተከተል ይለቀቃል። ከናይትሬቱ ማለቅ በኋላ መጀመሪያ ማንጋኒዝ፣ ቀጥሎ ብረት ይሟሟል፤ በመጨረሻም ከሰልፌት የሚገኘው የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣል። ከእነዚህ ሁሉ ተንኮለኛው ማንጋኒዝ ነው። ብረት አየር ሲያገኝ ፈጥኖ ስለሚዝግ በማጣሪያው አሸዋ ላይ ይቀራል፤ ጋዙም በአየር ማናፈሻው ይበናል። የሟሟ ማንጋኒዝ ግን ከአየርም ሆነ ከክሎሪን ጋር የሚዋሐደው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ጠርቶ በአሸዋው ያልፋል። ጠርቶ በቧንቧው ይጓዛል፤ የሚጠቁረውም በከተማው መሥመር፣ በየቤቱ በርሜልና በየልብሱ ላይ ነው። የእኚያ እናት ነጠላ ምስጢር ይኸው ነበር። በሊትር ከአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ ልብስ ለማበላሸት ይበቃል። ጉዳዩ የልብስ ብቻም አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለማንጋኒዝ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ወሰን በሊትር 0.08 ሚሊግራም ሲሆን፣ ምክንያቱም በተለይ የሕፃናት ጤና ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁልጊዜ ከላይ እንቅዳ» የሚል ይኖራል። እኔም ከሚያዝያው ጉዞዬ በኋላ ለጥቂት ዓመታት እንዲህ ስል ነበር። የላይኛው ውኃ የራሱ በሽታ አለው። ብርሃን ያገኘና ከእርሻ መሬት በታጠበ ማዳበሪያ የጠገበ ውኃ ዋቅላሚ ያበቅላል። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባሉት ዓይነቶች ደግሞ በአካላቸው ውስጥ የአየር ከረጢት ስላላቸው፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ወደ ገጹ ወጥተው እንደ ቀለም ይንሳፈፋሉ። አሸዋውን ይደፍናሉ፤ ውኃውን አፈር አፈር ያሰኛሉ፤ አንዳንዶቹም መርዝ አላቸው። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው የቶሊዶ ከተማ ውኃዋን የምትቀዳው ጥልቀት ከሌለው ከኤሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ማይክሮሲስቲን የተባለው መርዝ በተጣራው ውኃ ውስጥ በመገኘቱ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለሦስት ቀን ገደማ ከቧንቧ እንዳይጠጣ ተከልክሎ ነበር። ውኃውን ማፍላት መርዙን እንደማያጠፋም ተነገረው። የዓለም የጤና ድርጅት ለዘለቄታ መጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ዋቅላሚ የበዛበትን ውኃ ገና በመግቢያው ክሎሪን ማጠጣት ሕዋሱን አፍርሶ መርዙን በውኃው ውስጥ ይበትነዋል፤ ሕዋሱን ሳይሰበር ማስፈርና ማጣራት ይቀድማል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን በበሩ አለማስገባት ነው።

በክረምት ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ጉዳይ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ጎርፍ ከሐይቁ ገጽ የቀዘቀዘና በጭቃ የከበደ ስለ ሆነ፣ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ከላይ አይንሳፈፍም። እንደ እባብ ወለሉን ይዞ ወደ ግድቡ ይሳባል። ላዩ ገና የጠራ ሆኖ ሳለ በታችኛው በር ድፍርስ የሚገባበት ጊዜ አለ። በዚህ ወቅት ከመካከል ወይም ከላይ መቅዳት፣ የታችኛውንም ጭቃ በማስወገጃው በር ወደ ወንዙ መልቀቅ ይገባል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሲመጡ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ብርድ በመሆኑ፣ የቀዘቀዘው ገጽ ከብዶ ይሰምጣል። ጣራው ይፈርሳል፣ ሐይቁም ይገለበጣል። በተገለበጠበት ሳምንት የታችኛው መጥፎ ነገር በመላው ሐይቅ ይበተናልና የትኛውም በር አያድንም። ያን ጊዜ የሚረዳው አስቀድሞ ማወቅና መድኃኒቱን ማዘጋጀት ብቻ ነው። መገለባበጡ ካለቀ በኋላ ግን የትኛውም በር ደኅና ነው፤ እንዲያውም የታችኛው ይሻላል፤ የላይኛውን ደኅና ውኃ ለበጋው ማቆየት ይቻላልና።

እንግዲህ ጥሩ ከፍታ የሚባል አንድ ቁጥር የለም። በሚያዝያ ጥሩ የነበረው በነሐሴ መጥፎ ነው። ስለዚህም ነው በሮቹ ብዙ መሆን የሚገባቸው።

አሁን ሁላችን የምናውቀውን የለገዳዲን ሐይቅ እንመልከት። አዲስ አበባ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከዚህ ሐይቅ ስትጠጣ ኖራለች። በ1991 ዓ.ም. የድሬ ግድብ ተጨምሮ ውኃው ወደዚያው ወደ ለገዳዲ ማጣሪያ ይሄዳል። ለገዳዲ በቡናማ ቀለሙ የታወቀ ነው። በዙሪያው ካለው የእርሻ መሬት የሚታጠበው አፈር እጅግ ደቃቅ ሸክላ ስለ ሆነ ዓመቱን ሙሉ አይጠራም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሐይቁ ውስጥ ቢቆይ ይሰፍራል» ይሉ ነበርና ሒሳቡን አብረን ሠርተነው እናውቃለን። ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ እጅ የሚያህል የደለል ቅንጣት 20 ሜትር ለመስመጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን፣ ውኃው ፈጽሞ ባይንቀሳቀስ እንኳ፣ በቀን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ ያንኑ 20 ሜትር ለመጨረስ ስምንት ወር ተኩል ይፈጅበታል። በነሐሴ የገባው ወለሉን ሳይነካ ሚያዝያ ይደርሳል፤ ያውም ነፋስና የኅዳር መገልበጥ ባያነሡት ነው። ከዚህ የተነሣ እንደ ለገዳዲ ባለ ሐይቅ የበር ምርጫ ከድፍርስነት ያድነናል ብዬ ተስፋ አልሰጥም። ድፍርሱ የሚታገለው በአልምና በተፋሰሱ ላይ በሚሠራ የአፈር ጥበቃ ነው። በሩ የሚያድነው ከማንጋኒዝ፣ ከሽታና ከዋቅላሚ ነው። ድፍርስ ውኃ ብርሃን ስለማያሳልፍ ዋቅላሚ አያበቅልም ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በለገዳዲ ሰማያዊ አረንጓዴዎቹ መኖራቸውን አሳይተዋል፤ ተንሳፋፊ ፍጡር ብርሃኑ ወዳለበት ራሱ ይወጣልና።

ስለ ገንዘብም ጥቂት ልበል፤ እኔም የሳትሁት በገንዘብ ስም ነውና። በቀን 50,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ፣ የተሻለ ከፍታ በመምረጥ በሊትር 10 ሚሊግራም አልም ቢቆጥብ፣ በቀን ግማሽ ቶን ማለት ነው። ይህ በዓመት ለአራት ወር ብቻ ቢሆን 60 ቶን ይሆናል። አሸዋውን ለማጠብ የሚባክነው ውኃ፣ የሚበላሸው ልብስና የሕዝቡ እምነት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ከፍታ ነው። ስለ ቦታውም ማሰብ ያስፈልጋል። ነፋስ በብዛት ወደሚነፍስበት ዳር የሚገኝ ጠባብ የባሕር ክንድ የዋቅላሚ መሰብሰቢያ ነው። ወንዙ ወደሚገባበት አፍ የቀረበ መቅጃ ደግሞ ጎርፉን ከነጭቃው፣ ከላይ ያለውን ከተማ ቆሻሻ ጭምር፣ ሳይረጋ ይቀበላል። የቺካጎ ሰዎች የገዛ ቆሻሻቸው ወደ መጠጥ ውኃቸው እየተመለሰ ስላስቸገራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ከሐይቁ ሥር ሁለት ማይል የሚሆን ዋሻ ቆፍረው መቅጃቸውን ወደ መካከል አራቁት። እኛ ብዙ ጊዜ መቅጃውን ከግድቡ ግንብ ጋር የምናያይዘው ለግንባታ ስለሚመችና ጥልቁ ስፍራም እዚያው ስለ ሆነ ነው፤ ምርጫው መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ምርጫ መሆኑን እያወቅን እንምረጠው። ለሌላ አገልግሎት የተሠራን በር መውረስም አለ። የአዳማ ከተማ ውኃዋን የምትቀዳው እ.ኤ.አ. በ1960 ለኤሌክትሪክ ኃይል ከተሠራው ከቆቃ ግድብ በታች፣ ከአዋሽ ወንዝ ነው። ኃይል ማመንጫው ከሐይቁ የትኛውን ንብርብር እንደሚስብ የሚወስነው የተርባይኑ ፍላጎት እንጂ የጠጪው አይደለም።

ደለልስ? የታችኛው በር ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ይበል ስንል፣ ስለ የትኛው ወለል ነው የምንናገረው? ግድቡ በተመረቀበት ቀን ስለ ነበረው ወለል ከሆነ፣ የጎንደሩ የአንገረብ ግድብ በደለል የደረሰበትን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የንድፉ ዘመን ሲያልቅ ደለሉ የሚደርስበትን ከፍታ ገምቶ፣ በሩን ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ይገባል። እኔ በግሌ ከግምቱ ላይ ሌላ ሁለት ሜትር እጨምራለሁ፤ ግምታችን ወደ ታች ሲሳሳት እንጂ ወደ ላይ ሲሳሳት አላጋጠመኝምና።

ሐይቅ የሚጎድል መሆኑንም መርሳት አይገባም። ላስ ቬጋስ ከሚድ ሐይቅ የምትቀዳባቸው በሮች በፊት ሁለት ነበሩ። ሐይቁ በድርቅ ምክንያት እየወረደ ሲሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከባሕር ጠለል 262 ሜትር ላይ የሚከፈት ሦስተኛ መቅጃ ከሐይቁ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ተሠራ፤ በ2020 ደግሞ ከዚያ ጥልቀት የሚስበው የፓምፕ ጣቢያ ተጠናቀቀ። በኤፕሪል 2022 የመጀመሪያው መቅጃ ከውኃው ወጥቶ በዓይን ታየ። ፓምፑ ሥራውን ጀመረ፤ ከተማዋም ውኃ አልተቋረጠባትም። ዋጋው እጅግ ብዙ ነበር፤ በዚያ ሐይቅ ላይ ግን ዝቅ ማለቱ ውኃ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ከከተማዋ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ከሚመለሰው የሞቀ ውኃ ለመራቅም ጠቅሟል።

ሊሠራ ስለሚገባው ነገር ብዙ አልዘረዝርም፤ የንድፍ መመሪያ ለመጻፍ አልመጣሁም። ሦስት በሮች ለማነስተኛ ግድብ፣ አምስት ወይም ስድስት ለትልቅ ግድብ ከበቂ አይበልጡም። ውኃው በበሩ የሚገባበት ፍጥነት ዝግ ያለ ይሁን፤ በኃይል የሚስብ በር ከላይና ከታች ያለውን ንብርብር አብሮ ይጎትታልና መምረጣችን ከንቱ ይሆናል። የላይኛው በር አየር እንዳይስብ ሁልጊዜ ከገጹ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሜትር ይስመጥ። ከታች አየር በቱቦ እየነፉ ሐይቁን ማቀላቀልም አለ፤ ኃይልና ጠጋኝ ባለበት ይሠራል።

ይልቁንስ ላተኩርበት የምፈልገው በሮቹ ከተሠሩ በኋላ ስላለው ነው። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ የመቅጃ ማማዎችን ጎብኝቻለሁ። ሦስት በር ኖሯቸው ሦስቱም ከተመረቁበት ቀን ጀምሮ በነበሩበት የቀሩ አጋጥመውኛል። ዘንጉ ዝጓል፣ መሪው ጠፍቷል፤ አንዳንድ ስፍራም ማማው ተቆልፎ ቁልፉ በሌላ ከተማ በሚገኝ ሹም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የማይንቀሳቀስ በር እኔ በምላጭ ከፋቅሁት በር አይለይም። በሩን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? በምን ማስረጃ? እኔ የምለው፣ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ሙቀትና ኦክስጅን በየሁለት ሜትሩ ይለካ። ለዚህ ዛሬ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ቢበላሽ ጠርሙስ፣ ገመድና ቴርሞሜትር ይበቃሉ። ልኬቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ ሙቀቱ በድንገት የሚለወጥበት ጥልቀት ወደ በሩ ሲቀርብ በሩ ይለወጥ። ሲለወጥም ቀን ቀን፣ ቀስ በቀስ፣ የአልሙን መጠን በብርጭቆ ሙከራ እንደገና እየለዩ ይሁን፤ ሌሊት ላይ በድንገት የተለወጠ ውኃ የማጣሪያ ሠራተኛውን ዕውር ያደርገዋል። ውሳኔውንም ለማጣሪያ ጣቢያው ኃላፊ እንተውለት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ሐይቁ አይጠብቅም።

ወደዚያች ከተማ ልመለስና ንግግሬን ልፈጽም። በማማው ላይ አዲስ በር መክፈት ሐይቁን ባዶ ማድረግ ስለሚጠይቅ አልተቻለም። በምትኩ በበርሜሎች ላይ የሚንሳፈፍና በሚታጠፍ ቱቦ ከታችኛው በር ጋር የሚገናኝ መቅጃ እንዲሠራ ተወሰነ። ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ቱቦው ከውጭ መጥቶ ሥራው እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ፈጀ። በሦስቱም ዓመታት ከየካቲት እስከ ግንቦት ፖታስየም ፐርማንጋኔት እየተገዛ ውኃው ሲታከም ቆየ፤ ለዚህ የወጣው ገንዘብ ሁለቱን በሮች በመተው ከተቆጠበው እንደሚበልጥ አስልቼ ለአለቃዬ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ተንሳፋፊው መቅጃ በየትኛው ጥልቀት እንዲስብ ለመወሰን የተጠቀምነው የግድቡ ጠባቂ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ በየሳምንቱ ያስያዙትን ልኬት ነው። እርሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ ቁጥሩን በቃላቸው ይነግሯት የነበረችውና በደብተር ትጽፍ የነበረችው የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች የልጅ ልጃቸው ናት።

የፋቅሁበትን ዋናውን ንድፍ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከመግቢያው በር በስተቀኝ ካለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዞረ ሰው፣ ምላጩ በሳሳው ቦታ ላይ የሁለቱን በሮች ክበብ አሁንም ያያል። ከሻይ በፊት ወጣቶቹ መሐንዲሶች እንዲያዩት እጋብዛለሁ።